አፈ ጳጳስ

ከዙሪክ እስከ ጄኔቫ በባቡር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሁለት ዓመት ያህል፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ፣ ያንን መንገድ የተመላለስኩት በአንድ ጳጳስ ምክንያት ነው። ጳጳሱ ከሞተ ብዙ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ያውም ካቶሊክ ነው። እኔ ደግሞ በተዋሕዶ የተጠመቅኩ፣ ጾም የማልሽር ሴት ነኝ። ይህን ለጎረቤት ማስረዳት ስለማይቻል «ዘመድ ጥየቃ ነው» እያልኩ እገላገል ነበር።

ዘመድ ያልኳቸው ጋሼን ነው። በሥጋ አንዛመድም። ጋሼ በጄኔቫ ዳርቻ ቶኔ በሚባለው ሰፈር፣ ከፈረንሳይ ድንበር የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ለብቻቸው የሚኖሩ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሰነድ ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። እኩዮቻቸው የልጅ ልጅ ሲያባብሉ፣ እሳቸው በድሮ ዘመን ከፖርቱጋል ተነሥቶ አገራችንን ካቶሊክ ሊያደርግ የመጣውን ጳጳስ ሕይወት በአማርኛ ሊጽፉ ተቀመጡ። ጽፈው ሲጨርሱ ዓይናቸው ደከመ። መሐሉ ይጠፋባቸዋል፤ የሚያዩት ዳር ዳሩን ብቻ ነው። የጻፉትን የሚያነብላቸውና የሚያርምላቸው ሰው ሲያፈላልጉ አንድ ሰው «ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ የምትኖር አስተርጓሚ አለች፤ ቋንቋ ላይ ምሕረት የላትም» ብሎ ጠቆማቸው። ምሕረት የላትም የተባልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እንደ ሙገሳ ነው የወሰድኩት።

የመጀመሪያው ቀን ተጣላን። ጋሼ ጳጳሱን አንቱ እያሉ ነው የጻፉት፦ ተወለዱ፣ ተሾሙ፣ ተሰደዱ። እኔ እርሳሴን አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ተወለደ፣ ተሾመ፣ ተሰደደ እያደረግኩ ወረድኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ የእርሳሱን ድምፅ ሰምተው።

«አንቱታውን እያነሣሁለት ነው። አያቶቻችንን ክርስቲያን አይደላችሁም፣ እንደገና ልጥመቃችሁ ያለ ሰው አንቱ አይባልም።»

«ጳጳስ ነው እኮ፣ አንቺ።»

«ይኸው! እርስዎም በአፍዎ 'ነው' አሉ።»

ሳቁ። ጋሼ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚስቀው። «በአፌ የምለው ሌላ ነው። ሞቶ ተኝቶ መልስ መስጠት የማይችለውን ሰው በመጽሐፍ አንተ ማለት ጀግንነት አይደለም። አንዲት ፊደል ከግዕዝ ወደ ካዕብ መመለስ ይህን ያህል ከበደሽ? ደን ዱ በያት፣ አለቀ።»

ፊደሎቹን አልመለስኩም። በመጨረሻ ላይ እንወስናለን ተባብለን አለፍን። እኔ እዚህም ቢሆን በአፌ እንደለመድኩት እሱ እለዋለሁ።

ሰውየው መቼም ቀላል ሰው አልነበረም። ከሕፃንነቱ ለመጽሐፍ የተፈጠረ፣ በታላቅ ትምህርት ቤት ቅዱሳት መጻሕፍት ያስተማረ፣ ላቲን ሲናገር የሚያፈዝ። ገና በዓይኑ ባላያት አገር ላይ ሊዝበን ውስጥ ተሾመ። አፍሪካን በባሕር ዞሮ ሕንድ ገባ፤ ከሕንድ ደግሞ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወርዶ የጨው በረሃውን እየተቃጠለ ተሻገረ። ደጋው ላይ ሲወጣ ንጉሡ በክብር ተቀበሉት፤ በመኳንንቱ ፊት ተንበርክከው ለሮም ማሉ። አንድ ሰው ሕይወቱን ሙሉ የተመኘው ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ሲሳካለት ማንበብ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን አልተደሰትኩም። መጨረሻውን ስለማውቅ ይሆናል። መስኮቱ ላይ የኅዳር ጉም ተለጥፎ ነበር፤ ከጉሙ በስተጀርባ ፈረንሳይ ናት።

«እስቲ ንገሪኝ፣» አሉ ጋሼ። «ሰውየው በጉባኤው ፊት ያን ሁሉ ንግግር ሲያደርግ በምን ቋንቋ ነው?»

«አስተርጓሚ ነበረዋ።»

«ማን?»

ገጾቹን አገላበጥኩ። ጋሼ በየቤተ መጻሕፍቱ ዞረው ያገኙትን ሁሉ ለቅመዋል። የበቅሎው ኮርቻ አለ፣ የካባው ቀለም አለ፣ አብረውት የመጡት ካህናት ስም አለ። አስተርጓሚው የለም።

«ንጉሥ አፈ ንጉሥ አለው፤ ስሙም ማዕረጉም ይታወቃል። ይኼ አፈ ጳጳስ ግን ስም የለውም» አሉ። «ሰባት ዓመት ፈልጌዋለሁ።»

«ጥሩ አስተርጓሚ ስም አያስፈልገውም» አልኩ በኩራት። እኔ በስደት መሥሪያ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ያስተረጎምኩ ሰው ነኝ፤ የሰው ቃል በሚመዘገብበት በየፕሮቶኮሉ ግርጌ ፊርማዬ እንጂ እኔ የለሁም። ጋሼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስደውል «አቤት አፈ ጳጳስ» እያሉ ያነሡልኝ ጀመር።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ክፉ ነው። ጳጳሱ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ አወረደ፤ ጾሙ ይቀየር፣ በዓሉ ይቀየር፣ ቄሱ እንደገና ይሾም፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ። ጋሼ እዚህ ላይ አንድ ግምት አላቸው። ግምት መሆኑንም ራሳቸው ጽፈዋል። ካህናቱ በላቲን ሲያጠምቁ «ካልተጠመቅህ፣ አጠምቅሃለሁ» ነው የሚሉት። ካልተጠመቅህ። ቀድሞ ተጠምቀህ ከሆነ ይኼኛው አይነካህም ማለት ነው፤ ለሰውየው ክብር የተተወች ጠባብ በር ናት። ነገር ግን ሜዳ ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ተሰልፎ፣ አስተርጓሚው ከጠዋት ጀምሮ ሲጮኽ ውሎ፣ ያቺ «ካል» የት ገባች? ሳትነገር ቀርታለች ይላሉ ጋሼ። ልጁን ክርስትና ያስነሣ፣ እናቱን አስፈትቶ የቀበረ ሰው የሰማው «አጠምቅሃለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ምንም አልነበርክም እንደማለት። ከዚያ በኋላ ጦር መነሣቱን ማንም ያውቀዋል።

«የማይረባ አስተርጓሚ!» አልኩ ወረቀቱን አስቀምጬ።

«ደክሞት ይሆናላ። ቸኩሎ ይሆናል።»

«መድከም ምክንያት አይሆንም ጋሼ። አንዲት ፊደል ይዞ መሻገር ያቃተው ሰው አፉን ይዝጋ።»

ያን ስል ድምፄ እንዴት ደልቶት እንደነበር አሁንም ይሰማኛል።

በሚቀጥለው ረቡዕ ዙሪክ ውስጥ አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ፊት ተቀመጥኩ። ሁለተኛ ቃሏን የምትሰጥበት ቀን ነበር፤ የመጀመሪያው ላይ ያስተረጎመላት ሌላ ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ፣ ውኃና የወረቀት መሐረብ አለ። ጠያቂዋ ሴትዮ እየጠየቀች ራሷ ትጽፋለች፤ ከጎን ጠበቃው ይሰማል። ልጅቷ አፎልተርን ውስጥ ስደተኞች በሚያርፉበት ቤት ትኖራለች፤ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ገብታ ሙያ እየተማረች ነው። ረጋ ያለች፣ ስትናገር እጇን ጭኗ ላይ የምታስቀምጥ ልጅ ናት። ነገሩ አጭር ነው። ወንድሟን ፈልገው ያጡ ታጣቂዎች እሷን መፈለግ ጀመሩ፤ ተደበቀች፤ ከዚያ አገር ለቀቀች።

«የት ነው የተደበቅሽው?» ተባለች።

«አባቴ ጋ» አለች። «ሦስት ሳምንት አባቴ ጋ ነው የከረምኩት። አንድ ቀን ጠዋት ከቅዳሴ ተመልሰው 'ልጄ፣ መጥተው ጠይቀውኛል፤ ዛሬውኑ ውጪ' አሉኝ።»

እኔም በጀርመንኛ አልኩት። አባቴ ቤት ተደበቅኩ፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ውጪ አለኝ። ጀርመንኛ ለአባትም፣ ለቄስም፣ ለሌባም ያለው አንድ «ኤር» ነው። ጠያቂዋ ጻፈች። ምንም አልጎረበጠኝም። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የሚሄደውን ባቡር እያሰብኩ ነበር።

ሲያልቅ እንደ ደንቡ የተጻፈው ሁሉ ለልጅቷ ተመልሶ ይነበብላታል፤ ጀርመንኛውን እያየሁ በአማርኛ የማነበው እኔው ነኝ። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ «አባቴ ቤት ተደበቅኩ፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ውጪ አሉኝ» ብዬ አነበብኩላት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ልክ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈረመች። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፤ እንዴት አድርገው ነው ያወሩልኝ!» አለችኝ። ባለጉዳይ ማነጋገር አይፈቀድልንም፤ ፈገግ ብዬ አለፍኩ። ባቡሩ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር።

ክረምቱ አለፈና ጾሙ ሊገባ ሲል፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ አየኋት። የምንቀድሰው ከፕሮቴስታንቶቹ በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ግቢው ላይ ብዙ መቆም አይወዱም። ነጠላዋን አጣፍታ ፖስታ በሁለት እጇ ይዛለች።

«እትዬ፣ ኔጋቲቭ መጣብኝ፤ ጥያቄዬን አልተቀበሉትም።»

«ጠበቃሽን አነጋግሪ የኔ ልጅ። እኔ…»

«አነጋግሬዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን አባትሽ ሞቷል ብለሻል፣ ሁለተኛው ቀን ደግሞ አባቴ ቤት ተደበቅኩ ብለሻል፣ ውሸታም ነሽ ነው የሚሉኝ። አባቴ እኮ ገና ሕፃን እያለሁ ነው የሞተው! እኔ ያልኩት የነፍስ አባቴን ነው። ቄሱን!»

 ነው የሞተው አለች። የሞቱት አላለችም። ይህች ልጅ ወላጅ አባቷን አንተ የምትል፣ የዘመኑ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። «ውጪ አሉኝ» ስትል «አሉኝ» የሚለው ብቻ ይበቃኝ ነበር፤ ከቅዳሴ ተመልሰው ማለቷም አለ። እኔ ግን አባቴን እስኪሞቱ ድረስ አንቱ ብዬ ያደግኩ ሴት ነኝ። ጠዋት ተነሥቼ እግራቸውን ስሜ፣ እሳቸው ካልተቀመጡ ሳልቀመጥ። በኔ ጆሮ አባት ሁሉ «አሉ» ነው። ስለዚህ ጆሮዬ ምንም ሳይጠራጠር የራሴን አባት በልጅቷ አፍ ውስጥ አስገባ።

«ጠበቃው ምን አለሽ?» አልኳት። 

«አስተርጓሚዋ ብትመሰክር ነገሩ ይቃና ነበር አለኝ። ካለዚያ አሁን የፈጠርሽው ነው ይሉሻል፣ ፈርመሻል አለኝ። ይግባኙ ሦስት ሳምንት አለው።» ከዚያ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ እርስዎ ላይ ምንም የለኝም እትዬ። እርስዎ በትክክል ነው ያሉት። መልሰው ሲያነቡልኝ 'ውጪ አሉኝ' ብለው ነው ያነበቡልኝ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የተሳሳተችው የምትጽፈው ሴትዮ ናት። እባክዎ ይመስክሩልኝ።»

ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ስህተቴን የሸፈነልኝ ሥነ ሥርዓቴ ነው። ጀርመንኛው ላይ ወላጅ አባቷ አድርጌ አስጽፌ፣ መልሼ ሳነብ በጨዋ ደንብ አንቱ አልኩት፤ እሷም የነፍስ አባቷን ሰማች፤ ፈረመች። ከኔ ሌላ ይህን የሚያውቅ በዚያች አገር አንድም ሰው የለም። ሴትዮዋ አማርኛ አታውቅም፣ ልጅቷ ጀርመንኛው አይገባትም።

«ደንቡ አይፈቅድልኝም» አልኩ። «አስብበታለሁ።»

«እግዜር ያክብርልኝ» አለች።

አላሰብኩበትም። ማለት፣ ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ ግን ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ያስተረጎምኩት ሁሉ በዚህች አንዲት ገጽ ይጠረጠራል። ማን ከዚህ በኋላ ይጠራኛል? የበለጠ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፤ ይህች የመጀመሪያዬ ናት ያለው ማን ነው? ሌሊት ስንት አባት፣ ስንት እሳቸው፣ ስንት አሉኝ በአፌ እንዳለፈ እየቆጠርኩ ነጋብኝ። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ቀረሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ራስ ምታት ነው አልኩ።

ቅዳሜ ጄኔቫ ሄድኩ። ቶኔ ከትራም ስወርድ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የደረስንበት ምዕራፍ የጳጳሱ ውድቀት ነው። አመፁ ገፍቶ፣ ብዙ ሕዝብ ያለቀበት ጦርነት ተደርጎ፣ ንጉሡ ድል አድርገው ሜዳውን ሲያዩት የተኛው ሁሉ የራሳቸው ሰው ነው። አሸንፈው አለቀሱ። ከዚያ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ይመለስ ብለው አወጁ። ልጃቸው ሲነግሥ ጳጳሱን ከአገር አስወጣው፤ ባሕሩ ዳር በቱርኮች እጅ ወደቀ። በመጨረሻ ሕንድ ደርሶ እስኪሞት እዚያው ተቀመጠ። እየጻፈ። አንድ ተከታይ ያልቀረው፣ ዳግመኛ የማይረግጣት አገር ጳጳስ ነኝ ብሎ እየፈረመ።

«ይቺም ከተማ ጳጳሷን አባርራለች፣» አሉ ጋሼ በመስኮቱ በኩል ወደ ጄኔቫ እያመለከቱ። «ተራራው ማዶ ሆነው የጄኔቫ ጳጳስ እየተባሉ ስንቱ ሞተዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን እሱ አይደለም። አፈ ጳጳሱ የት ሄደ? ጦሩ ሲነሣ 'ካል' የምትለዋ ቃል ከኔ ነው የወደቀችው ብሎ ለአንድ ሰው ተናግሮ ይሆን? ተናግሮ ቢሆን ይጻፍ ነበር። ዝም ብሏል። ለዚህ ነው ስሙን ያጣሁት።»

ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። ጋሼ ዓይናቸው ባያየኝም ወረቀቱን ሰሙት።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ነገሩ ሲወጣ እንዴት አጭር ነው! ያጽናኑኛል ብዬ ነበር፤ እኔም ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር እንዲሉኝ።

«ስንት ቀን ሆነው?» አሉኝ።

«አሥራ ሦስት።»

«አሥራ ሦስት ቀን አፍሽን ይዘሽ ተቀመጥሽ?»

«ሥራዬን አጣለሁ ጋሼ።»

«ታጪዋለሽ» አሉ። ቁጣቸውን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ድምፃቸው ግን አልጨመረም። «ሰባት ዓመት ያንን ሰው ስፈልግ የኖርኩት እዚህ ቤቴ ገብቶ እስኪያነብልኝ ነው? ተነሺ። ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አለ።»

ጻፍኩ። አንድ ገጽ ለመጻፍ እስከ አመሻሽ ፈጀብኝ። አንድን ሰው የሚያከብር ግስ ለማያውቅ ቋንቋ፣ በአንዲት ፊደል መጨረሻ ላይ ያለ ድምፅ ቄስን ከወላጅ አባት እንደሚለይ እንዴት ይጻፋል? በመጨረሻ ቀላሉን አገኘሁት፦ ልጅቷ በትክክል ተናግራለች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ መልሼ ሳነብላት ስህተቱ እንዳይሰማት ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ሙሉ ስሜን እስከ አያቴ ጽፌ ፈረምኩ። ከመነሣቴ በፊት እርሳሴን አውጥቼ የጳጳሱን አንቱታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ መመለስ ጀመርኩ። ጋሼ የእርሳሱን ድምፅ ይሰሙ ነበር።

ሰኞ በአደራ ደብዳቤ ላክሁት። ሐሙስ ጠበቃው ደወለ። ደብዳቤዬ እጁ ገብቷል፤ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አይገኝም አለ፤ ምንም አልወቀሰኝም። ከዚያ «እርስዎ የት እንዳለች ያውቃሉ?» አለኝ። «ሁለት ጊዜ ቀጠርኳት፣ አልመጣችም። ጠፍታለች ከተባለ ፋይሏን ይዘጉታል።»

ያንኑ ቀን አፎልተርን ሄድኩ። ቤቱን አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አገኘሁት። በሩን የከፈተችልኝ አብራት የምትኖር የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ሻሽዋን እያስተካከለች ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እርስዎ ነዎት አስተርጓሚዋ?» አለችኝ። «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስትጠብቅዎት ነበር እኮ። መጦሪያ ቤቱ ደግሞ ኔጋቲቭ ያለው ሰው አናስተምርም አላት። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ወጣች። የሥራ ልብሷን አጥፋ አልጋው ላይ ትታው ነው የሄደችው።»

ማክሰኞ። እኔ የጻፍኩት ቅዳሜ ነው። አራት ቀን።

«ለማንም አልነገረችም?»

ልጅቷ በሩ ጀርባ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየችኝ። እያንዳንዱ ሰው በችግር ጊዜ የሚጠራለትን ሰው የሚጽፍበት ነው። በእጅ ጽሑፏ «አባቴ» ይላል፤ የአዲስ አበባ ስልክ ቁጥር አለው። ከጎኑ የቤቱ ሠራተኛ በጀርመንኛ ወላጅ አባት ብሎ ጽፎበታል። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ቁጥሩን ገልብጬ ወጣሁና ማቆሚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ደወልኩ።

«እንደምን ዋሉ አባታችን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?» የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«ከስዊዘርላንድ ነው የምደውለው። የልጅዎ አስተርጓሚ ነኝ።»

«አስተርጓሚዋ!» ድምፃቸው ፈካ። «እርስዎ ነዎት? ልጄ ተገኘች?»

እሳቸውን ልጠይቅ ነበር የደወልኩት። «እኔም እርስዎን ልጠይቅ ነው» አልኩ።

«አንድ ጊዜ ደውላልኛለች» አሉ ቀስ ብለው። «ፈረንሳይ ነኝ፣ ባሕሩ ዳር ደርሻለሁ፣ ወደ እንግሊዝ ሊያሻግሩን ነው አለችኝ። አትሂጂ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም።» ቀጥለውም «ስለ እርስዎ አንሥታልኛለች» አሉኝ። «'አባቴ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው በትክክል ያወሩልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እንዳይመሰክሩልኝ ከልክለዋቸው ነው። በኔ ምክንያት ችግር እንዳይደርስባቸው ይጸልዩላቸው' አለችኝ። የክርስትና ስምዎን ስላላወቀች፣ ይኸው በየቅዳሴው 'አስተርጓሚዋን አስባት' እያልኩ ነው። ስምዎን ማን ልበል?»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ ሰው ወጣ፣ ሰው ገባ፣ ሄደ።

«አባታችን፣ ስሜን ከመንገሬ በፊት የምነግርዎት አለ» አልኩ። ማንም አልከለከለኝም ብዬ ጀመርኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አሥራ ሦስቱንም ቀን። አላቋረጡኝም።  ስጨርስ ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። ስምዎን ማን ልበል? ነገርኳቸው።

«ከደወለች ምን ልበላት?» አሉኝ።

«ጠበቃው ደብዳቤው ደርሶታል፣ ተመለሺ ይበሏት። ስህተቱ የምትጽፈው ሴትዮ አይደለም፣ የአስተርጓሚዋ ነው ይበሏት።»

«እሺ» አሉ። እንዳይሳሳቱ መልሰው ይሉልኝ ጀመር። «ሴትዮዋ አይደለችም የተሳሳተችው። የተሳሳቱት አስተርጓሚዋ ናቸው።»

«የተሳሳቱት አይደለም አባታችን» አልኩ። «የተሳሳተችው ብለው ይንገሯት።»

እስከ ዛሬ አልደወለችም።